አስቸኳይ፦ የመጽሔታችን ሽፋን ማተሚያ ቤት ሲከፈት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ

ማሲንቆ በዲስቶርሽን፦ ጎንደሮች ድረሱልኝ። ማተሚያ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ሽፋኑ እቤት ላፕቶፔ ላይ ምንም ችግር አልነበረበትም፣ እዚህ ሲከፍቱት ግን የአማርኛው ርዕስ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። እንግሊዝኛው ብቻ ደህና ነው። ጥቁሩ መደብም ናሙናው ላይ ግራጫ መስሎ ወጣ። የኢንዲ ሮክ መጽሔት ነው፣ 18 ገጽ፣ ነገ ዝግጅታችን ላይ የሚታደል። እስከ 11 ሰዓት ካልሰጠኋቸው አለቀልን። ምን ላድርግ?

የፒያሳው፦ ፎንቱን ጫኑበት። አለቀ።

አዘዞ ቤዝ፦ በምን ነው የሠራሽው? ፎቶሾፕ ነው፣ ኢንዲዛይን ነው፣ ካንቫ ነው? ፎንቱስ? ሐኪም ጋ ሄዶ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው እኮ።

ማሲንቆ በዲስቶርሽን፦ ይቅርታ። ሽፋኑ ፎቶሾፕ፣ ውስጡ ኢንዲዛይን። ፎንቱን ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት። ኮምፒውተራችን ላይ ምንም አይጫንም ብለዋል።

አንጋፋው አንባቢ፦ ልጄ፣ ከፎንቱ በፊት ሽፋን ምን እንደሆነ እንነጋገር። የሮክ መጽሔት ሽፋን ወግ አለው። የመጽሔቱ ስም ከላይ ነው፣ የዘፋኙ ጭንቅላት በከፊል ቢሸፍነው ችግር የለውም። አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ዓይኑ አንባቢውን የሚያይ። አንድ ዋና ርዕስ፣ ሌሎቹ ያነሱ። ቀለም ከ2 ወይም ከ3 አይበልጥም። ፈረንጆቹ አስፈላጊውን በግራ በኩል የሚደረድሩት መደርደሪያ ላይ መጽሔቶች ሲደራረቡ የሚታየው ግራው ስለሆነ ነው። እዚህ ግን አዟሪው ፊት ለፊት ይዞት ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ያን ግራ እንዲሁ መቅዳት ትርጉም የለውም። ደግሞ እነሱ ዋናውን ርዕስ በትልልቁ ፊደላቸው ይጮኹበታል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። በውፍረት፣ በመጠንና በቀለም ነው መለየት ያለብሽ። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም የሚጽፉት ለጌጥ ብቻ መሰለሽ?

ማሲንቆ በዲስቶርሽን፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን 9 ሰዓት ሆነ!

ግድግዳ ላይ ፖስተር፦ ሳጥኑን ተይው እባክሽ 😂 ሬይ ገን የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1994 (በፈረንጅ) የዘፋኙን የብራያን ፌሪን ቃለ መጠይቅ በሙሉ ዛፕፍ ዲንግባትስ በሚባል የምልክት ፎንት ነው ያተመው። ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን ቃለ መጠይቁ አሰልቺ ነው ብሎ። ማንም አላነበበውም፣ ሁሉም ግን ያስታውሰዋል። እናንተም «ሆን ብለን ነው» በሉ።

ደረቅ እውነት፦ እኔ የማይገባኝ፣ ጎንደር ላይ ኢንዲ ሮክ ለማን ነው? ኢንዲ ማለት ከትልልቅ አሳታሚ ነፃ መሆን ከሆነ የኛ አዝማሪ ከማንም በፊት ኢንዲ ነው። አሳታሚ የለው፣ ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል፣ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። ስለሱ ብትጽፉ ይሻላል።

ማሲንቆ በዲስቶርሽን፦ ስሜን አላየኸውም እንዴ? ገጽ 6 እና 7 አዝማሪ ነው። አሁን የምከራከርበት ሰዓት የለኝም።

የፒያሳው፦ ፎንቱን ፍላሽ ላይ አድርገሽ ጫኚበት።

አዘዞ ቤዝ፦ አይጫንም ተባለ እኮ! ስሚኝ። እነሱ ፋይሉን በራሳቸው ፕሮግራም ሲከፍቱት ያንቺ ፎንት እዚያ ስለሌለ ሌላ ይተካበታል፣ የሚተካው ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሳጥኑ እሱ ነው። መፍትሔው ፊደሉን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው። መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጪ፣ ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉን ማረም አይቻልምና። ፎቶሾፕ ላይ የጽሑፉን ሌየር በቀኝ ጠቅ አድርገሽ «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» በይው። ኢንዲዛይን ላይ የጽሑፉን ሳጥን መርጠሽ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገሽ ስጫቸው። ይሄ የሚሆነው ግን ፎንቱ ባለበት ባንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አትሞክሪው።

ጥቁሩ ግራጫ የሆነው ጥቁር ቀለም ብቻውን ስለሆነ ይመስለኛል። ፋይሉን ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት የሚጠቀምበት የ4 ቀለም አሠራር) አድርጊና ለመደቡ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ስጪው። ለትንንሽ ጽሑፍ ግን እንዳታደርጊው፣ 4ቱ ቀለም ትንሽ ፈቀቅ ካለ ፊደሉ ይደበዝዛል።

ማሲንቆ በዲስቶርሽን፦ ላፕቶፑ እቤት ነው። ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ ነው።

የፒያሳው፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ፎቶኮፒ ቤት፦ ካልደረሰላችሁ ርዕሱን በወፍራም ማርከር በእጅ ጻፉት፣ 600 ዲፒአይ ስካን አድርጉና ምስሉን ለጥፉ። የምሬን ነው። በ1976 (በፈረንጅ) ለንደን ላይ የወጣው የፓንክ መጽሔት ስኒፊን ግሉ በታይፕና በማርከር ተሠርቶ በፎቶኮፒ ነው የተባዛው። ያ የተቦጫጨቀ መልክ ዛሬ ወግ ሆኖ ሰው በኮምፒውተር ሊያስመስለው ይለፋል። ያንን የሚመስል የግዕዝ ፎንት ፈልጌ አጥጋቢ አላገኘሁም፣ እጅ ይበልጣል። ፎቶዎቹን ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከተላላካችሁ ጥራታቸው ወርዷል፣ እንደ ፋይል ይላኩ።

ቁጥር ቆጣሪ፦ ቆይ፣ 18 ገጽ ብላ የለም እንዴ? በስቴፕል መሃሉ ላይ የሚያያዝ ከሆነ ለ4 መካፈል አለበት። ወይ 16 ወይ 20። ማንም አላየውም?

ግድግዳ ላይ ፖስተር፦ ሁለቱን ገጽ ለአንጋፋው አንባቢ ስጡት፣ ይሞላዋል።

አንጋፋው አንባቢ፦ በደስታ። ስለ ኅዳግ ገና አልተናገርኩም።