እናትን ከደብረ ሲና አስመጥቶ እስከ ሮም በአነስተኛ ወጪ ስለመጓዝ

ውድ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣

ሽቱትጋርት የሚኖሩት የደብረ ሲናዋ እህታችን እናታቸውን ለጉብኝት አስመጥተው፣ ሚላኖ ያሉትን ዘመዶቻቸውን ጠይቀው እስከ ሮም ድረስ በትንሽ ወጪ ሊወስዷቸው እንደሚያስቡ ጽፈው ምክር ጠይቀዋል። መልሴ የዘገየው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ደብረ ብርሃን ወላጆቼ ዘንድ ስለሰነበትኩ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሆኖ መጻፉ አንድ ጥቅም አለው፤ ባለፈው ዓመት ግንቦት ወር ወደምኖርበት ወደ ሙኒክ አስመጥቼ ሮም ድረስ በባቡር ይዣቸው የሄድኩት አባቴ እሳት ዳር አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ የዘነጋሁትን እሳቸው እያስታወሱኝ ነው የምጽፈው።

እስካሁን የተሰጡት ምክሮች በአብዛኛው በቲኬት ዋጋ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የቲኬቱ ነገር ይደርሳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ መንገደኛ የትኛው መንገድ ርካሽ እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስነው ግን ቪዛው ነው። የሲራራ ነጋዴ ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ ወደ ታጁራ ሲወርድ በየኬላው የሚከፍለውን ሳያሰላ አይነሣም ነበር፤ የእኛም ስሌት ከኬላው መጀመር አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ካሳለፈው ውሳኔ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት ቪዛ) ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ቀድሞ 15 ቀን የነበረው የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜም ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ በሰኔ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው እስከ ሚያዝያ መጠበቅ አይገባውም። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ያስፈልጋል። እርስዎ ጠያቂዋ እህታችን ደግሞ በከተማዎ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርበው፣ ብዙዎቻችን በልማድ «ግብዣ» የምንለውን የወጪ ኃላፊነት መውሰጃ ሰነድ በ29 ዩሮ ያወጣሉ። ኤምባሲው የሚፈልገው ዋናውን ወረቀት ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ አይበቃም፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ የታመነ ሰው ፈልገው ቀደም ብለው ይላኩት። ቪዛው የሚጠየቀውም ረጅሙ ቆይታ ከሚደረግበት አገር ስለሆነ፣ እናትዎ ከሽቱትጋርት ይልቅ ሚላኖ ብዙ ቀን የሚቀመጡ ከሆነ ማመልከቻው የሚቀርበው ለጣልያን ነው።

ቪዛው ተለጥፎ ፓስፖርቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው የቀኑ ብዛት ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከተፈቀደው የቆይታ ቀን ይሰፋል፤ የሚቆጠረው ግን የቆይታው ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ዕለት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሸንገን የውጭ ድንበሮች ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው አሠራር የጎብኚውን አሻራና ፎቶ መዝግቦ ቀኑን በኮምፒውተር ስለሚቆጥር፣ አንድ ቀን ማሳለፍ እንኳ ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም።

«አንድ ጊዜ መግቢያ» የሚለው ቃል በጉዞ ዕቅድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እናትዎ ለንደን ያለችውን እህታቸውን ለማየት ለሁለት ቀን ቢሻገሩ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ከማስፈለጉ በላይ፣ ከሸንገን የወጡበት ቅጽበት የያዙት ቪዛ የሚያበቃበት ቅጽበት ነው፤ ወደ ሽቱትጋርት መመለሻ የላቸውም። በየብስም ያው ነው። ከቪየና ወደ ግሪክ የሚሄድ ርካሽ አውቶቡስ በሰርቢያና በሰሜን መቄዶንያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ከሸንገን ወጥቶ መግባት ማለት ነው። ቡልጋሪያና ሩማንያ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ በየብስም የሸንገን ሙሉ አባል በመሆናቸው፣ በሃንጋሪ፣ በሩማንያና በቡልጋሪያ በኩል የሚዞረው ረጅሙ መንገድ ዛሬ ለእኛ ይሻላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ስላለች አያሳስብም፤ እዚያ የሚያሳስበው ስልክ ነው፤ የጀርመን ሲም ካርድ በጣልያን እንደ ቤቱ ቢሠራም ስዊዘርላንድ ላይ በዳታ ብዙ ሊያስከፍል ስለሚችል ኢንተርኔቱን ዘግቶ ማለፍ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጡበትን ቲኬት በተመለከተ በጽኑ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ በጣም ርካሽ ሆነው የሚታዩ ቲኬቶች አንዳንዶቹ ሁለት የተለያዩ አየር መንገዶችን ያለ ውል የሚያጋጥሙ ናቸው። በመካከለኛው ከተማ መንገደኛው ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ሻንጣ ለመቀበል ደግሞ ወደዚያ አገር መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት የዚያን አገር ቪዛ ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ በኢስታንቡል በኩል እንዲህ ያለ ሁለት ቁራጭ ቲኬት ተሸጦለት፣ የሸንገን ቪዛው በእጁ እያለ፣ የቱርክ ቪዛ የለህም ተብሎ ከቦሌ ተመልሷል። ገንዘቡም አልተመለሰለትም። የሸጠለት ሰው ይህን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባ ነበር። ስለዚህ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ቲኬት የተጻፈ፣ ሻንጣው ቦሌ ገብቶ መድረሻው ላይ የሚወጣ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ልዩነቱ አንድ መቶ ዩሮ ቢሆን እንኳ ለእናት የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ቲኬቱ ሲገዛ ወዲያውኑ የዊልቸር አገልግሎት ይጠይቁላቸው። አገልግሎቱ በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን ከበረራው 48 ሰዓት በፊት መነገር አለበት። አባቴ በመጀመሪያ «እግሬ ደኅና ነው፣ ምን ሲሉ ያዩኛል» ብለው ተቆጥተው ነበር። ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ግን ፓስፖርት መመርመሪያው ድረስ አድርሶ፣ ሻንጣቸውን አውርዶ፣ እኔ ቆሜ ወደምጠብቅበት በር ድረስ አመጣቸው። ቋንቋውንና ጽሑፉን ለማያውቅ ወላጅ ከዚህ የተሻለ መሪ አላውቅም።

ጀርመን ውስጥ ለመንቀሳቀስ ዶይችላንድ ቲኬት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ፣ አባቴ በመጡበት ዓመት 58 ዩሮ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ 63 ዩሮ ሆኗል። በክልል ባቡሮች፣ በከተማ ባቡርና አውቶቡስ ሁሉ ለአንድ ወር ያገለግላል፤ በፈጣኖቹ ባቡሮች አያገለግልም። ወርኀዊ ውል ስለሆነ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልተሰረዘ በሚቀጥለው ወርም ያስከፍላል። እናትዎ በወር መጀመሪያ ቢደርሱ ሙሉውን ወር ይጠቀሙበታል። በስም የሚወጣ ነውና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ፓስፖርታቸውን ያሳዩ።

እኛ የሄድንበት መንገድ ከሙኒክ በክልል ባቡር እስከ ሊንዳው፣ ከዚያ ወደ ዙሪክ ነበር። ዙሪክ አንድ የመንዝ ልጅ ቤት አደርን። የስዊዘርላንድ ባቡር ውድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከዙሪክ ሚላኖ የሚሄደውን ቲኬት ግን ከሁለት ወር በላይ ቀደም ብዬ ስለገዛሁት ዋጋው አልጎዳኝም። እንዲህ ያለው ርካሽ ቲኬት ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ስለሚያገለግል የመነሻው ጠዋት ላይ ዘና ማለት አይቻልም።

በዚያ መስመር ላይ የጎትሃርድ ዋሻ አለ። አባቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በወረዱ ቁጥር ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ሲደርሱ አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ፤ ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው ያ ዋሻ ግማሽ ኪሎ ሜትር እልፍ ቢል ነውና ጸሎቱ ሳያልቅ ብርሃን ይታያል። ጎትሃርድ 57 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ሲገባ እንደ ልማዳቸው አማተቡ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ጨረሱ፤ መስኮቱን አዩ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። መቁጠሪያቸውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ አንዴ እኔን አንዴ መስኮቱን እያዩ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ስንወጣ ፀሐይ ነበር። «ይህን የቆፈረ ሰው ስንት እንጀራ በላ?» አሉኝ። ይህን ለማየት በአውሮፕላን ቢሆን ኖሮ አይቻልም ነበር፤ ሰዓት ያለው ሰው ወላጁን በባቡር እንዲወስድ የምመክረው ከዋጋውም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚላኖ ሮም ያለው መስመር ርካሽ የሆነው በፉክክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከመንግሥት የባቡር ድርጅት ሌላ ኢታሎ የሚባል የግል ድርጅት በዚያው ሐዲድ ላይ ፈጣን ባቡር ያስኬዳል፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለቱንም አነጻጽሮ ቀድሞ የገዛ ሰው ከአውሮፕላን ያነሰ ይከፍላል፤ አውሮፕላኑ ላይ የሻንጣውና ወደ አየር ማረፊያ የመሄጃው ሲደመር ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በአዘቦቱ የክልል ባቡር የሚሄድ የወረቀት ቲኬቱን ከመሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት አለበት፤ ያላስመታ ቲኬት እንደሌለው ተቆጥሮ ይቀጣል።

ሚላኖ ዘመድ ቤት ስለሚያርፉ ሌላም ነገር አለ። ከሌላ የሸንገን አገር ጣልያን የገባ ጎብኚ በ8 ቀን ውስጥ መግባቱን ለፖሊስ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ ሆቴል ያደረ ከሆነ የሆቴሉ ምዝገባ ይበቃዋል። ዘመድ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ዘመዶችዎ ወደ አካባቢያቸው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይዘዋቸው ይሂዱ።

ሮም ተርሚኒ ጣቢያ ስትወርዱ ከፊታችሁ የሚገኘው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ለአባቴ ስነግራቸው ከአውቶቡሱ መቆሚያ ፈቀቅ ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙ። ለማን እንደ ቆሙ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ፤ ማንም እንዳይደግመው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 አንሥቶ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ፍተሻ መልሳለች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከቪየና ወደ ሙኒክ በሌሊት አውቶቡስ ስመለስ ፓስፖርቴን ቤት ትቼ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴን ብቻ ይዤ ነበር። ድንበሩ ላይ መብራት በርቶ ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ወንበር ጀምረው እየመጡ ሰነድ ጠየቁ። የፓስፖርቴን ፎቶ በስልኬ አሳየሁ፤ አንደኛው ስልኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ውረድ አለኝ። አውቶቡሱ ሻንጣዬን ከጎኔ አስቀምጦልኝ ሄደ። እስኪያጣሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ፤ ሲለቁኝ ባቡር ገና አልጀመረም። የመኖሪያ ፈቃዱ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ለመጓዝ የሚያስችለን ከፓስፖርቱ ወይም ከስደተኛ የጉዞ ሰነዱ ጋር ሲያዝ ነው። እናትዎም የመድኑን ወረቀትና የመመለሻ ቲኬቱን ከፓስፖርታቸው ጋር በአንድ ከረጢት፣ በደረታቸው ላይ ይያዙት እንጂ ከታች ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

ስንቅን በተመለከተ፣ እናቶቻችን ያለ ቅቤና ያለ ቋንጣ ጉዞ ጉዞ አይመስላቸውም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ በጉምሩክ ይወሰድባቸዋል። የደከሙበትን ሲጥሉባቸው ማየት ያሳዝናል፤ ከቤት ሳይነሡ ይንገሯቸው። አውሮፓ ከገቡ በኋላ በባቡር ለሚደረገው ጉዞ ግን በሶና ቆሎ የሚያህል የለም፤ ጣቢያ ላይ የሚሸጠው ምግብ ነው የጉዞውን ገንዘብ የሚበላው።

መዘግየት ሲያጋጥም መብትዎን ይጠይቁ። ባቡር መድረሻው ላይ 60 ደቂቃ ከዘገየ የቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል። ከአውሮፓ ኅብረት የሚነሣ በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ በራሱ ጥፋት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ እንደ ርቀቱ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ይከፍላል።

ከዚህ ወገን ደግሞ መንገዱ ሁልጊዜ የሚታመን ስላልሆነ፣ እናትዎ ለቪዛ ቀጠሮውም ለበረራውም ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ። የቀጠሮው ቀን ሲታወቅ ይጻፉልኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ስላለሁ ደብረ ብርሃን ላይ ተቀብዬ ይዣቸው እወርዳለሁ።

አባቴ ይህን እንድጨምር አዘውኛል፦ የሮም መንገድ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ እግራቸው አብጦ አዲሱ ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። ስለዚህ እናትዎ ለክብር የተገዛውን ጫማ ትተው፣ የለመዱትንና ሰፋ ያለውን አድርገው ይምጡ።