ካኖን 700ዲ ካሜራ አለኝ፤ ቀጥሎ ምን ልግዛ?

ጠያቂ፦ መምህርቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። መስከረም ላይ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ገዛሁ። እንጀራዬ አይደለም፤ ፍቅሩ ነው ያለኝ። ቅዳሜና እሁድ ከእጄ አይለይም።

አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው አያቴን ነው። ቤቷ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። የሣር ክዳን ቤት ነው፤ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት አለው። ቡና ስታፈላ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ እንጀራ ስትጋግር አነሳታለሁ። ግን ፎቶው ወይ ይጨልማል፣ ወይ እጇ ይደበዝዛል። የካሜራውን ፍላሽ ሳበራ ደግሞ ፊቷ ወረቀት ይመስላል፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ቤቱ የእሷ ቤት መሆኑ ይቀራል።

ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ዋና ዕቃ ይገዛልኝ ይሆናል። አንዱ ጓደኛዬ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይለኛል፣ ሌላው ትልቅ ዙም (ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ)። የአጎቴ ጤፍ ሊወቃ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ አውድማው ላይ መገኘት እፈልጋለሁ። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ የፈረሰኞቹን በዓል ለማየት አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

ጮቄ ሥር፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በሥራዬ ምክንያት ደጀን፣ ሞጣ፣ ደብረ ወርቅ፣ ቢቡኝ ስዞር 11 ዓመት ካሜራ ከትከሻዬ አልወረደም። የምነግርሽ በገዛ እጄ የደረሰብኝን ነው።

ትራይፖዱን አሁን አትግዢ። ትራይፖድ የሚያቆመው ያንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ነው። የአያትሽን እጅ አያቆመውም። ጀበናውን አንስታ ስትቀዳ፣ እንዝርቷን ስታሾር፣ ካሜራው ድንጋይ ላይ ቢቀመጥም እጇ ይደበዝዛል። ያንቺ ችግር ብርሃን ነው። ሌንስሽ ብርሃን አያስገባም።

18-55ቱን እስከ 50 ስትስቢው ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ኤፍ የሚባለው የቀዳዳው ስፋት ቁጥር ነው። ካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሚባል ትንሽ ሌንስ አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በዚያው ቦታ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አሁን 1/8 ሰከንድ የሚጠይቅሽን ፎቶ በ1/80 ትጨርሺዋለሽ ማለት ነው። ስትቀዳ የእጇ ጣት ይታያል። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው። ከአዲሶቹ ሌንሶች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ያገለገለም በብዛት ይገኛል። ኤስቲኤም የሚለውን ምረጪ፤ ከአሮጌው ይልቅ አካሉ ጠንካራ ነው፣ ፎከሱም ድምፅ አያበዛም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ባንቺ ካሜራ ላይ 50ው ያቀርባል፤ ሰንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ትልቅ በሆነ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባሽ ግድግዳ ሊነካ ይችላል። የሚሰፋ ከፈለግሽ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 አለ፤ ብርሃን ግን እንደ 50ው አያስገባም። ስለዚህ ሳትገዢ ሞክሪው። ቅዳሜ የ18-55ቱን ቀለበት 50 ላይ አድርገሽ በፕላስተር እሰሪው። ቀኑን ሙሉ አትፍቺው። እሁድ ደግሞ 24 ላይ እሰሪው። ፎቶው ቢጨልምም ግድ የለም፤ የምታዪው ርቀቱን ነው። የትኛው እንደሚስማማሽ ዓይንሽ ራሱ ይነግርሻል።

እስከዚያው አያትሽን ወደ በሩ አስጠጊያት፤ በሩ ራሱ ትልቅ መብራት ነው። ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያገኛት አድርጊ። በጨለማው በኩል ነጭ ነጠላ የሚይዝልሽ ልጅ አታጪም። ብርሃኑ ከነጠላው ተመልሶ ፊቷ ላይ ያርፋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ወይም 3200 ለማድረግ አትፍሪ። ትንሽ አሸዋ የመሰለ ነጥብ ይመጣል፤ ከተደበዘዘ እጅ ግን መቶ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንሽን ልንገርሽ። ካሜራውን መስከረም ገዛሁት ካልሽ ገና ክረምት አላየብሽም። እኛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው። ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ልብስ እንኳን በደንብ አይደርቅም። እኔ 55-250 የሚባል፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ነበረኝ። ብር ቆጥቤ፣ ከሌላ ነገር ቀንሼ የገዛሁት ነው። በቆዳ ቦርሳው አድርጌ ከአልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሐምሌና ነሐሴን አልነካሁትም፤ ከአቧራ የጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። ለመስቀል ደመራ ላነሳ ሳወጣው መስተዋቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ፈቶ አጸዳው፤ ግን ሻጋታው የመስተዋቱን ሽፋን በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ትይዩ ባነሳሁ ቁጥር ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ማዳኛው የአንድ ምግብ መያዣ ዋጋ ነበር።

ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ግዢ። ካሜራሽና ሌንስሽ ይግቡበት። ሲሊካ ጄል የሚባለውን እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ጨምሪበት። ቀለሙን የሚቀይረው ዓይነት ይሻላል፤ እርጥበት ሲጠግብ ታውቂዋለሽ። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው ትንንሽ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ድሮ የጠገበ ነው፤ አትመኚው። የጠገበውን ፍሬ ከከረጢቱ አውጥተሽ በብረት ዕቃ ላይ በለዘብተኛ እሳት አሙቂው፤ ቀለሙ ሲመለስ እንደገና ይሠራል። ምግብ የሚሠራበት ዕቃ ግን አይሁን። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት አለበት፤ መርዝ ነው። የእርጥበት መለኪያ ካገኘሽ ሳጥኑ ውስጥ ጣዪ፤ ከ60 በመቶ በላይ እንዳይወጣ፣ ከ40 በታችም እንዳይወርድ። የቆዳ ቦርሳ ለመንገድ ነው፤ እርጥበት ይስባልና ማስቀመጫ አታድርጊው። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን አውጥተሽ አንሺበት።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢም እንዲሁ ተጠንቀቂ። እኔ ጮቄ ተራራ ላይ አድሬ ጠዋት ስወርድ ካሜራውን እዚያው ውጭ በፌስታል ጥቅልል አድርጌ አስረዋለሁ። ቤት ገብቶ እስኪሞቅ አልፈታውም። ያለዚያ መስተዋቱ ላብ ያልበዋል። ባትሪውን በብርድ ጊዜ ደረት ኪስሽ ያዢው፤ ቀዝቃዛ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

አውድማው ላይ ሌንስ እንዳትቀይሪ። የጤፍ እብቅ ሰንሰር ላይ ከተቀመጠ ሰማዩን ባነሳሽ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ይሆንብሻል። ቤት ሳለሽ የምትፈልጊውን ሌንስ ግጠሚና ሂጂ። ስትመለሺ መስተዋቱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጊው፤ መጀመሪያ አቧራውን ንፊው፣ ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ። መንፊያ ካጣሽ ፋርማሲ ውስጥ ለሕፃናት አፍንጫ የሚሸጠው የጎማ መምጠጫ ይበቃል። አዲስና ደረቅ ይሁን፤ ውስጡ ዱቄት ካለው መጀመሪያ ወደ አየር ደጋግመሽ ጨምቀሽ አስወጪው። በአፍሽ አትንፊ፤ ምራቅ ይረጫል።

ሌላው ቀላል ነው። አንድ ተጨማሪ ባትሪ፣ አንድ ትልቅ ካርድ በመግዛት ፈንታ ሁለት 32 ጊጋ ካርድ። አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይጠፋም።

---

የፍኖተ ሰላም ሠርግ፦

ከጮቄ ሥር ጋር በሌንሱ አልስማማም። እኔ በሰርግ ላይ የማነሳ ሰው ነኝ። ጨለማ ቤት ከሆነ ፍላሽ ነው መፍትሔው። ዮንግኑዎ 560 ግዢ፤ ጭንቅላቱ ይዞራል። ወደ ጣሪያ አዙረሽ ስትመቺው ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። አንቺ የጠላሽው የካሜራው ፍላሽ ፊት ለፊት ስለሚመታ ነው። ይኼኛው እንደዚያ አይደለም።

---

ጮቄ ሥር፦

ወንድሜ፣ ለሰርግ ያልከው ትክክል ነው። ነጭ ኮርኒስ ያለው አዳራሽ ውስጥ እኔም ፍላሽ እወዳለሁ። የእሷ አያት ቤት ግን ሣር ክዳን ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በጭስ ጠቁሯል። ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። አንተም ታውቀዋለህ፤ የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ሲሆን የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ጣሪያው የሰጠህን ነው ፍላሹ የሚመልስልህ።

ደግሞም አሮጊት ናቸው። በቤታቸው መብረቅ በየደቂቃው ቢበራባቸው መፍተላቸውን ትተው ካሜራውን ያያሉ። እኔ የምፈልገው እንደለመዱት ሲቀመጡ ነው።

---

የፍኖተ ሰላም ሠርግ፦

የጣሪያውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ልክ ነህ። ፍላሽ ካላት ግን ነጠላውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ወደ እሱ ብታዞረው ይሠራል። ቆይቶም ቢሆን ትግዛው።

---

ዘንገና ዳር፦

እንጅባራ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። ለፈረሱ 50ው አይበቃሽም፤ 55-250 ያለው ሰው ፈልገሽ ለአንድ ቀን ተዋሺ። ለአንድ በዓል ተብሎ አይገዛም። ሜዳው ላይ ፀሐይ ስላለ ኤፍ 5.6 ችግር የለውም። ሸተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ አድርጊ፣ ከዚያ በታች የፈረሱ እግር ይደበዝዛል። ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ ላይ (የሚንቀሳቀሰውን በሚከተለው ዓይነት) አድርጊውና በመሃለኛዋ ነጥብ ተከተዪ። ግልቢያው ሲጀመር ራው በሚባለው ከባድ፣ ያልተጨመቀ የፎቶ ዓይነት አታንሺ። 700ዲ በራው ጥቂት ደርድሮ ቆም ይላል፤ ፈረሱ ደግሞ አይጠብቅሽም። የተለመደው ቀላሉ ጄፔግ ይበቃል።

ጠዋት ቀድመሽ ድረሺ። ጌጡን፣ ኮርቻውን፣ ሰዎቹ ሲያለባብሱ በቅርብ የምታገኚው ያኔ ነው፤ ለዚያ 50ው ግሩም ነው። ግልቢያው ሲጀምር ግን ከመስመሩ ወደ ኋላ ሁኚ። በዙም ስታዪ ፈረሱ ምን ያህል እንደቀረበ አይታወቅም።

---

ጣና ማዶ፦

50ውን እኔም እደግፋለሁ። ዘጌ ሄደሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቢ የግድግዳው ሥዕል ላይ ፍላሽ አይበራም። ሥዕሉን ይጎዳል ይባላል፤ አባቶችም አይወዱትም። ኤፍ 1.8 ካለሽ በመስኮትና በበር ብርሃን ብቻ ታነሺዋለሽ። ከማንሳትሽ በፊት ግን አስፈቅጂ።

ወደፊት ለጣናና ለጢስ ዓባይ ፖላራይዘር ፊልተር ያስፈልግሻል። የውሃውን ነጸብራቅ ያነሳል፣ ሰማዩን ያጠቁራል። ሰማዩ ላይ በደንብ የሚሠራው ፀሐይ በጎንሽ ስትሆን ነው። አንድ ምክር ብቻ፦ ስፋቱ 58 ሚሊሜትር የሆነውን ግዢ። ለ18-55ሽ ልክ ይሆናል። የ50ው ሌንስ አፍ 49 ስለሆነ ከ49 ወደ 58 የሚያሳድግ ቀለበት ጨምረሽ ያንኑ ፊልተር ለሁለቱም ትጠቀሚበታለሽ። እኔ ሳላውቅ ሁለት ፊልተር ገዛሁ።

ጢስ ዓባይን ማንሳት ከፈለግሽ መስከረምና ጥቅምት ሂጂ። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ በጣም ሊያንስ ይችላል።

---

መምህርቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ አለፈ።

ቀለበቱን በፕላስተር አስሬ ሞከርኩት። 50 ላይ እውነትም ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። 24 ላይ ቤቱ በሙሉ ገባ፤ ምድጃው፣ ማድጋው፣ መደቡ። ማታ ግን ፎቶዎቹን ሳያቸው ደጋግሜ የተመለስኩት 50 ላይ ወዳነሳኋቸው ነው። እጇና ፊቷ ነው የምፈልገው። ቤቱን በ18-55 ከበሩ ሆኜ አነሳዋለሁ። በነጠላውም ሞከርኩ፤ የአጎቴ ልጅ ያዘልኝ። አያቴ «ምን ልታለብሱኝ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ያቺን ሳቅ አገኘኋት። ትንሽ ተደብዝዛለች፣ ግን አገኘኋት።

ሳጥኑን ገዛሁ። ሌንሴን በስልክ መብራት አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ካሜራው የመጣበት ቦርሳ ግን ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ጣልኩት።

አሁን ጥያቄዬ፦ ባሕር ዳር አንድ ያገለገለ 50 ኤስቲኤም አግኝቻለሁ። መስተዋቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የአቧራ ነጥብ አለ። ልተወው?

---

ጮቄ ሥር፦

አትተዪው። ሁለት ነጥብ አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም። የምትፈሪው የሻጋታ ክር ነው። ሌንሱን ከካሜራው አውልቀሽ ከኋላ በኩል በስልክ መብራት አብሪና ከፊት ሆነሽ ዘንበል እያደረግሽ እዪው። ክር ወይም ጭጋግ ካለ ባለቤቱ ምንም ቢቀንስልሽ አትውሰጂው፤ ሳጥንሽ ውስጥ ካለው ሌንስ ጋር አብሮ እንዲያድር አልፈልግም። ከዚያ ካሜራሽ ላይ ግጠሚውና የግድግዳ ማስታወቂያ ወይም ጋዜጣ በኤፍ 1.8 አንሺ። ፊደሉ ላይ ፎከስ ካደረገ፣ ሲያደርግም ካልተንጫጫ ደህና ነው። የፎከስ ቀለበቱን አዙሪው፤ የሚንቋቋ ነገር ካለ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ከገዛሽው በኋላ መጀመሪያ ኤፍ 2.2 አካባቢ ተለማመጂ። 1.8 ላይ ዓይኗ ጥርት ብሎ አፍንጫዋ ሊደበዝዝ ይችላል። ፎከሱን ሁልጊዜ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይኗ ላይ አድርጊ።

ያቺን የሳቀችበትን ፎቶ ደግሞ እንዳትሰርዣት። ብትደበዝዝም እዚህ አስቀምጪልን፣ ማየት እፈልጋለሁ።