የልጄ ኢንሱሊን ለምን ጨመረ?

እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ ለዕድሜው በጣም ብዙ ነው። ተመርምሮ የእድገት ሆርሞኑ ያንሳል ተባለና በየማታው የዚሁን ሆርሞን መርፌ መውሰድ ከጀመረ 6 ወር ሆኖታል። ወገቡ ቀንሷል፣ ጡንቻውም ጠንከር ብሏል። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን በባዶ ሆድ የተለካው ኢንሱሊን ከበፊቱ ከፍ ብሎ መጣ። ስኳሩ ገና ደህና ነው።

ሆርሞኑ ስብ እንደሚያቀልጥ አውቃለሁ። ወደ ደም የሚለቀቀው ስብ ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን ቶሎ እንዳይታዘዝ ያደርጋል፤ ያኔ ኢንሱሊን በብዛት ይመረታል። ግን ውፍረቱ ራሱ ያንኑ ያደርጋል! ታዲያ የቱን ልጠርጥር?

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ውፍረት ብቻውን በምርመራው ላይ ሆርሞኑን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የልጄ ቁመት ደግሞ ከእኩዮቹ አያንስም። መጀመሪያውኑ መርፌው ያስፈልገው ነበር?

ሐኪሙን ሳላማክር መርፌውን አላቆምም። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። የ3 ወር አማካይ ስኳር፣ አይጂኤፍ-1 (የእድገት ሆርሞኑ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ታይሮይድ እንዲታዩለት ልጠይቅ ነው። ሌላ ምን ልጨምር? በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ ኢንሱሊኑ ውሎ አድሮ ወረደላችሁ?