ሁለት አደጋ ያለበት ሹፌር ተሳቢ ላይ ሥራ ያገኛል?

ጠያቂው፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ገላን ነው። ተሳቢ ይዤ ከቃሊቲ ጅቡቲ 9 ዓመት ተመላልሻለሁ። ሁለት አደጋ አለብኝ። አንዱ አዋሽን እንዳለፍኩ ግመል ገብታብኝ ነው። ሁለተኛው ግን የኔ ጥፋት ነው፤ ሌሊቱን ሳልተኛ ነድቼ ሚሌ ሳልደርስ የቆመ መኪና ገጨሁ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። መስታወቱ ጭኔ ላይ ሲረግፍ ግን እስካሁን ይታየኛል። አሁን ባለንብረቶች ስሜን ሲሰሙ "እንደውልልሃለን" ይሉኛል። ልደብቀው ወይስ ልናገር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እንዳትደብቅ! የሹፌር ወሬ ካንተ ቀድሞ ቃሊቲ ይደርሳል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዘህ ቅረብ። በግመሏ ጥፋተኛ አለመሆንህ ከተጻፈ ግማሹ ሸክም ቀለለልህ።

መልስ 2፦ እኔም ገጭቼ ነበር። 8 ወር አቃቂ ውስጥ በአይሱዙ አሸዋና ብሎኬት ጫንኩ። ገንዘቡ ያንሳል፤ ግን ማታ ቤትህ ታድራለህ። በኋላ ተሳቢ ያስገባኝ የዚያው የአይሱዙ ባለቤት ምስክርነት ነው። ዋስስ አለህ?

ጠያቂው፦ አጎቴ ዋስ ይሆነኛል። የግመሏ ሪፖርት ቤት አለ፤ ነገ ይዤው እወጣለሁ። የሁለተኛውንም ራሴው እነግራቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።