ለሜዳችን ሐውልት ወይስ ሊሾ?

የለገሀሬ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ዛሬ የምንከራከረው ስለ ሰፈራችን ሜዳ ነው። ለማታውቁት፣ ኳስ ሜዳ አለ፣ ጥጉ ላይ ባለ ቆርቆሮ መዝናኛ ክበብ አለች፣ ከክበቧ ፊት ደግሞ ልጆች ስኬቲንግ የሚነዱበት ሊሾ አለ። የሰፈሩ ኮሚቴ ለሜዳው መታሰቢያ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ፣ በሩ ላይ ሐውልት ይቁም፣ ታሪኩ በእብነ በረድ ይጻፍ የሚል ነው። ሌላው፣ ብሩ በሙሉ ሊሾውንና ክበቡን ለማደስ ይዋል ይላል። ለሁለቱም አይበቃም። እኔ የሐውልቱ ወገን ነኝ። ከሰፈሩ የወጣ ሰው ሁሉ የትም ሆኖ ሜዳውን ያነሳል። ሜዳው ላይ ግን አንድ ፊደል የለም። ለእንግዳ ሰው ባዶ መሬት ነው የሚመስለው። እስቲ በጨዋነት እንነጋገር። ስድብ የጀመረ ይወጣል።

ባለስኬቲንጓ፦
አቦ እኔ ከሐውልት ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሊሾው መሃል ላይ ያለውን ስንጥቅ አይታችሁታል? ጣት ያስገባል። አምና ጎማዬ እዚያ ገብቶ ክንዴን ተሰብሬያለሁ። ኳስ ተጫዋች ጠጠር ላይ ይሮጣል። እኛን ግን ሽንብራ የምታህል ጠጠር በአፍጢማችን ትደፋናለች። ነፋሱ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያመጣል፣ እኛ በየቀኑ ጠርገን ነው የምንነዳው። ሐውልቱን ማን ሊጠርገው ነው?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እንኳን ተረፍሽ። እኔ ሸመንደፈር፣ ባቡር ድርጅቱ ውስጥ አርጅቼ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። ስኬቲንግ ዛሬ የመጣ ይመስላችኋል። እኛ ልጅ ሳለን ከባቡር ጋራዥ የወደቀ ኩሽኔታ እንለምን ነበር። አባቶቻችን በምሳ ዕቃቸው ይዘውልን ይመጣሉ። (ስርቆት አትበሉት፣ ያለቀለት ኩሽኔታ ነው።) ጣውላ፣ አራት ኩሽኔታ፣ ከፊት የገመድ መሪ፣ በቃ ጋሪ ሆነ። ጩኸቱ ባቡሩን ያስንቃል። እንግዲህ የድሬን ከሰዓት ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት አስገብቶ፣ የሚተኛው ተኝቶ፣ በርጫ ላይ ያለው በርጫው ላይ ሆኖ፣ እኛ አስፋልቱን በብረት እየፈጨን እናልፋለን። የተወረወረብንን ጫማ ብንሰበስበው ኖሮ ሱቅ ይከፍት ነበር። በኋላ ሽማግሌዎቹ መከሩና ከቤት ራቅ አድርገው ያንን ሊሾ አስደፉልን። ሊሾው የተሠራው ለስፖርት አይደለም። ለእንቅልፍ ነው።

ይህን የሚያስታውስ ሰው ከእኔ ጋር ሦስት ቀርቷል። ሐውልቱ ቢቀር ግድ የለኝም። ጽሑፍ ግን ይኑር።

የታሪክ መምህር፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ አስቸግሮ እዚህ ቆመ፣ ከተማ ተወለደ። ይህ ተጽፏል። የከዚራን ሰፈር ፈረንሳዮች በሰፋፊ መንገድና በዛፍ እንዴት እንደቀየሱት ተጽፏል። የጨርቃ ጨርቁ ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን እንደነበር ተጽፏል። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ነበር። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ተጫውተውበታል። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር መጥታ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ነው የተመለሰችው። ዋንጫውን በመጨረሻ ሞሮኮ ወሰደች። ይህም ተጽፏል።

የስታዲየምና የኩባንያ ታሪክ ጸሐፊ አያጣም። የሰፈር ሜዳ ነው የሚያጣው። ያን ሁሉ ተጫዋች ያበቀለው ግን እንዲህ ያለ አቧራ ነው። ስለዚህ የእብነ በረዱ ሰሌዳ ይግባ።

ነገረኛው፦
እሺ ይግባ። በስንት ቋንቋ? አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ... ጋሼን ደስ እንዲላቸው ፈረንሳይኛም እንጨምር? የትኛው ከላይ ይሁን? መስመሩን እንደ ከተማው የሥልጣን ክፍፍል 40-40-20 እናካፍለው? ቅርባችን ሐረር በ2012 የራስ መኮንን ሐውልት ምን እንደሆነ አይተናል። ያቆመ አንድ ነገር አስቦ ያቆማል፣ ያየ ሌላ ነገር ያነብበታል። ሐውልት ተገፍቶ ይወድቃል። ሜዳን ገፍቶ የሚጥል የለም።

የታሪክ መምህር፦
ቋንቋው ሰበብ ነው ወንድሜ። በአራት ቋንቋ «አቀብል» እየተባልን ነው ያደግነው፣ ኳሷም አልጠፋችም።

ከጅቡቲ፦
ነገረኛው፣ «ሜዳን ገፍቶ የሚጥል የለም» ያልከው አሳቀኝ። አለ እንጂ! ግሬደር። እኔ ኳስ የለመድኩበት ሌላ ሜዳ ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስመጣ ልጄን ላሳየው ወሰድኩት። ባለ አራት ፎቅ ሆኗል። ጎሉ የነበረበት ቦታ ላይ የመኪና መግቢያ አለ። ምን ተደረገ ብዬ ስጠይቅ «ክፍት ቦታ ነበር» አሉኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ሰሌዳ ነበረ፣ የብረት፣ ከነቀለሙ። ማንንም አላቆመም።

ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የዚህ ሜዳ ካርታ በማን ስም ነው?

የለገሀሬ ልጅ፦
እ... ኮሚቴውን ጠይቄ ነበር። ካርታ የለውም። «የሕዝብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል» ነው ያሉኝ።

ከጅቡቲ፦
የእኛንም ሁሉም ያውቅ ነበር።

የታሪክ መምህር፦
በቅርስነት ቢመዘገብስ? የቅርስ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992። ታሪካዊ ዋጋ ያለው የሰው ሥራ ሁሉ ሊታይ ይችላል።

ነገረኛው፦
የተሰነጠቀ ሊሾ ይዘን ቅርስ ነው ብንል ከበሩ ነው ስቀው የሚመልሱን።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ እዚህ የምጽፈው ከስንት አንዴ ነው። ግን ሁላችሁም ወንዶች ሆናችሁ ነው መሰለኝ አንድ ነገር አላነሳችሁም። (ከባለስኬቲንጓ በቀር፣ እሷም ስለ ክንዷ ነው ያወራችው።) ክበቡ ውስጥ ያለው ጆተኒና ከረንቡላ ነው። የእኔ ሴት ልጆች እዚያ አይገቡም፣ ገብተውም አያውቁም። ኳስ ሜዳውም የወንዶቹ ነው። ሴት ልጅ «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ሳትባል የምትቆይበት ቦታ ሊሾው ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆቼ በአንድ ጥንድ ጫማ ነው የሚነዱት፣ አንድ እግር ለአንዷ፣ አንድ እግር ለአንዷ። ሊሾው ካልታደሰ እነሱ ቤት ይገባሉ። ወንዶቹ አይገቡም።

ታሪክ ካላችሁ ደግሞ፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 የሆነውን ለምን ዘለላችሁት? በዚያ ጎርፍ ከተማው ከ250 በላይ ሰው ቀበረ። የሰፈራችን የለቅሶ ድንኳን የተተከለው ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ከአንዱ ድንኳን ወጥቼ ሌላው ውስጥ እገባ ነበር፣ የማንን ማልቀስ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ። በእብነ በረዱ ላይ የብር ሰጪዎች ስም ብቻ የሚሰፍር ከሆነ አንድ ብር አላዋጣም።

የለገሀሬ ልጅ፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት። ድንኳኑ እንዴት ተረሳኝ? እኔም እዚያ ሻይ ሳመላልስ ነበር።

ግንበኛው፦
ስለ ታሪክ አላወራም፣ ሥራዬ አይደለም። ስለ ሊሾው ግን ስሙኝ። ስንጥቁን በሲሚንቶ እንድፈን የሚል ካለ ብሩን ለእኔ ይስጠኝና ሻይ ልጠጣበት። ተመልሶ ይከፈታል። ያ ሊሾ አንድ ወጥ ሆኖ ነው የተደፋው፣ መቆረጫ መስመር የለውም። ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መስመር ካልሰጣችሁት ራሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተጎዳው ይነሳ፣ አዲስ ይደፋ፣ በየ3 ሜትሩ ቀጭን መስመር ይቆረጥለትና ይሞላ። ከዚያ ጎማ አይገባም። በቀን ፀሐይ እንዳትደፉት፣ ማታ ነው። ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። የድሬ ሙቀት ሊሾን ሳይጠነክር ነው የሚያደርቀው።

ደግሞ ጽሑፍ ለምትሉት፣ እብነ በረድ ለምን አስፈለገ? ዳር ዳሩን እርጥብ ሳለ በምስማር ይጻፍበት። በነጻ።

የለገሀሬ ልጅ፦
ሰው ይረግጠዋል እኮ! የሞቱ ሰዎች ታሪክ ይረገጣል?

ባለስኬቲንጓ፦
የጎርፉን ክበቡ ግድግዳ ላይ እንጻፈው። የጋሼን ኩሽኔታ ግን መሬት ላይ። እኛ እንዳንረግጠው ዳር ይሁን፣ ፊደሉም ጥልቅ አይሁን፣ ጎማ ይይዛል።

ነገረኛው፦
ጥያቄዬ አልተመለሰም። ምስማሩ በምን ቋንቋ ነው የሚጽፈው?

ከጅቡቲ፦
እናንተ ፊደል ምረጡ። እኔ ለሊሾም ለሐውልትም ሳይሆን ለካርታው ማስፈጸሚያ አዋጣለሁ። ካርታ በሌለው መሬት ላይ ሲሚንቶ አላፈስም።

የለገሀሬ ልጅ፦
እኔ አሁንም ሐውልቱን አልተውኩም፣ ትንሽዬም ብትሆን። ግን ካርታው ይቅደም በሚለው ተስማምቻለሁ። ሰኞ ማመልከቻ ይዘን እንሄዳለን፣ አምስት ሰው ይበቃል። ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎም ይምጡ። ሽማግሌ ካዩ ወንበር እንኳ ይሰጡናል።

ጡረተኛው፦
ጠዋት ከሆነ እመጣለሁ። ከሰዓት እተኛለሁ።