የጀልባ ሞተር በቁልፍ አልነሳም አለ፤ «ጠቅ» ይላል እንጂ አይዞርም

ጥያቄ፦ መቅዘፊያ
ጤና ይስጥልኝ። ከጀልባዬ ኋላ የሚታሰረው ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር በቁልፍ አልነሳ ብሎኛል። ቁልፉን ሳዞር ከሽፋኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሪኖው (ዋናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ግን ንቅንቅ አይልም። አንዳንድ ጊዜ ጠቅታው እየተደጋገመ ይንጣጣል። በዚያው ቅጽበት የመለኪያዎቹ መብራት ይደበዝዛል። ባትሪው አዲስ ነው፤ በቴስተር ስለካው 12.6 ቮልት ያነባል። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድም በቦታው ተሰክቷል። ሞተሪኖውን ልቀይር ወይስ ሪሌውን (ቁልፉ ሲዞር የባትሪውን ኃይል ለሞተሪኖው የሚያገናኘውን ማብሪያ)?

መልስ፦ ካንዴላ
ወንድሜ፣ ጠቅ ብሎ ካልዞረ ሪሌው ነው። ውስጡ ያሉት የመዳብ ንክኪዎች በእሳት ብልጭታ ይበላሉ፤ ድምፁ ይኖራል፣ ኃይል ግን አያሳልፍም። ለማረጋገጥ የሪሌውን ሁለት ወፍራም ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ አገናኛቸው። ሞተሪኖው ከዞረ ሪሌውን ቀይርና ተገላገል።

መልስ፦ ማዕበል
ስለ ሪሌው ንክኪ የተባለው እውነት ነው፤ የጠመንጃ መፍቻው ምክር ግን ይቅርብዎ። ብሎኖቹን በቀጥታ ሲያገናኙ ማርሽ ገብቶ እያለ ሞተር እንዳይነሳ የሚከለክለው ማብሪያ ይታለፋል። ማርሹ ሳይታወቅ ገብቶ ከነበረ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል፤ ጀልባውም ይፈናጠራል። ብልጭታው ደግሞ የቤንዚን ትነት በታመቀበት ሽፋን አጠገብ ነው።

ይልቅ ጠቅታው ራሱ የሚነግርዎትን ይስሙ። ሪሌው ጠቅ ካለ ትእዛዙ ደርሶታል ማለት ነው፤ ፊውዙ፣ የቁልፉ ማብሪያና የዜሮ ማርሹ ማብሪያ ሥራቸውን ሠርተዋል። እነዚያን የሚፈትሹት ቁልፉ ዞሮ ምንም ድምፅ ሲጠፋ ነው። የድንገተኛ ማጥፊያው ነገር እንደ ሞተሩ ይለያያል፦ በአንዳንዱ ገመዱ ቢነቀልም ሞተሪኖው ይዞራል፣ የካንዴላው እሳት ብቻ ይጠፋል፤ በሌላው ግን ሞተሪኖውም አብሮ ይከለከላል።

መልስ፦ ባለቴስተር
ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። 12.6 ቮልት ያነበቡት ባትሪው ሥራ ላይ ሳይሆን ነው። ቴስተር የሚስበው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከወፍራሙ ኬብል ውስጥ አንድ የመዳብ ክር ብቻ ቢተርፍ እንኳ ቁጥሩ ያው ሆኖ ይታያል። ሞተሪኖ ግን በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ውኃ ውስጥ ያድርጉት፤ በፍተሻው መሐል በድንገት ቢነሳ በደረቅ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ላስቲኩ ወዲያው ይበላሻል። ቁልፉን ሌላ ሰው ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ያህል ይያዝልዎት፤ አይዞርም ብሎ ደጋግሞ መጫን ሞተሪኖውን ያቃጥላል።

የቴስተሩን ጫፎች በኬብሉ ራስ ላይ ሳይሆን በባትሪው በራሱ ምሰሶዎች ላይ ያሳርፉ። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል (አዲስ መሆኑ ዋስትና አይሆንም)፤ ወይም ደግሞ ሞተሩ ራሱ ተጣብቆ ሞተሪኖውን እያስጨነቀው ነው። መጣበቁን ለማወቅ የባትሪውን ኬብል ነቅለው፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጅ ያዙሩት።

ባትሪው ከ11 ቮልት በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። አሁንም ቁልፉ እንደዞረ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ ያድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበቡ ችግሩ በቀዩ (በፖዘቲቩ) ኬብል በኩል ነው፤ ያን ጊዜ በሪሌው ሁለት ብሎኖች መካከል ለክተው ሪሌው ይሁን ኬብሉ ይለያሉ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል፤ እዚህ 0.3 ቮልት ራሱ ብዙ ነው። ብዙ ሰው ቀዩን መስመር ብቻ ፈትሾ ጥቁሩን (የኔጋቲቩን) ይረሳል። ሁለቱም መስመር ደህና ከሆነና ሞተሪኖው 11 ቮልት እየደረሰው ዝም ካለ ብቻ ነው ወደ ሞተሪኖው የሚኬደው፤ አብዛኛውን ጊዜም ካርቦኑ (በሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያሳልፈው ንክኪ) አልቆ ይገኛል።

መልስ፦ ማዕበል
አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሞተሩ በኩል ሳያልፍ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል የሚያገኝ ዕቃ አለዎት? ቁልፉ ሲዞር እሱስ ይደበዝዛል?

ጠያቂው፦ መቅዘፊያ
የጥልቀት መለኪያው ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ነው። አሁን ሳየው ምንም አይሆንም፤ የሚደበዝዙት የሞተሩ መለኪያዎች ብቻ ናቸው። ልኬቱም ይኸው፦ ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ምሰሶዎች ላይ 12.2፣ በቀዩ መስመር 0.3፣ በጥቁሩ መስመር 5.4 ቮልት። የመጨረሻውን ተጠራጥሬ ደገምኩት፤ ያው ነው።

መልስ፦ ባለቴስተር
ተገኘ። ከ12.2 ላይ 0.3ና 5.4 ሲቀነስ ለሞተሪኖው የሚተርፈው 6.5 ቮልት ነው፤ በዚህ አይዞርም። የማዕበል ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፦ የሞተሩ መለኪያዎች ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) የሚያገኙት በሞተሩ አካል በኩል ስለሆነ የጥቁሩ ኬብል ችግር ያደበዝዛቸዋል። ሪሌውም እንዲሁ፤ ማሳው ሲዳከምበት ይለቃል፣ ሲመለስለት ይይዛል፤ መንጣጣቱ ከዚያ ነው። የጥቁሩን ኬብል ሁለት ጫፎች ይዳስሱ፤ የሚሞቀው ጫፍ ጥፋተኛው ነው።

ጠያቂው፦ መቅዘፊያ
በሞተሩ በኩል ያለው ጫፍ ሞቅ ይላል። ከላይ ግን ንጹሕ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ብሎኑን ባጠብቀው ይበቃል?

መልስ፦ ማዕበል
አይበቃም። ንጹሕ ጫፍ ሞቆ ከተገኘ ዝገቱ ከውስጥ ነው፤ ኬብሉ ጫፉ ላይ ካለው የብረት ራስ ጋር በተጨመቀበት ቦታ። የፕላስቲክ ሽፋኑን ትንሽ ይሰንጥቁ፤ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ከሆነ እንዲህ ያለ ገመድ አይታደስም። በተመሳሳይ ውፍረት፣ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ባለው ኬብል ይቀይሩት። ሞተሩ ላይ የሚያርፍበትንም ቦታ ቀለሙንና ዝገቱን ጠርገው ብረቱን ያጋልጡ። ሥራውን ሲጀምሩ ከባትሪው መጀመሪያ ኔጋቲቩን ይንቀሉ፣ ሲጨርሱ መጨረሻ ላይ እሱን ይሰኩ።

መልስ፦ ካንዴላ
ሪሌው ነው ብዬ ነበር፤ 0.3 ቮልት ግን ሪሌውን ነጻ አውጥቶታል። ኬብሉን ስትቀይር ባትሪው ላይ በጣት የሚጠብቁ ባለ ክንፍ ዳዶዎች ካሉ እነሱንም ጣላቸው። ጀልባ ሲናጥ ይላላሉ፤ በመፍቻ የሚጠብቅ ዳዶ ከነማቆሚያ ራንዴላው ይሁን።

ጠያቂው፦ መቅዘፊያ
ሽፋኑን ስሰነጥቀው መዳቡ ከጫፉ እስከ ጣት ርዝመት ድረስ ጠቁሯል። ኬብሉ ተቀየረ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። በጥቁሩ መስመር ላይ አሁን 0.1 ቮልት ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ 14.1 ያነባል፤ ይህስ ደህና ነው?

መልስ፦ ባለቴስተር
ደህና ነው፤ እየሞላ ነው። ሙላቱን ለመሞከር ብለው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል ግን እንዳይነቅሉ፤ ቮልቱ ዘልሎ ሬክቲፋየሩን (ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው እንዲስማማ የሚቀይረውን ዕቃ) ያቃጥላል።