የጉልበቴ ወረፋና ሰማያዊው ወረቀት

የሺስታዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስዊድን ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ስቶክሆልም፣ ሺስታ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ዜግነት ግን ገና ነው። የምሠራው ጽዳት ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ለጉልበቴ ሬሚስ፣ ወደ ስፔሻሊስት የሚልክ ወረቀት፣ ከጻፈልኝ ሰባት ወር አለፈ፤ እስካሁን የደረሰኝ «ወረፋ ላይ ነሽ» የሚል አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ሆኗል። በጓደኛዬ እርዳታ ለአንድ የፓርላማ አባል ብጽፍ፣ ጉዳዩ የሬጊዮን፣ ማለት የክልሉ አስተዳደር፣ ነው የሚል አጭር መልስ መጣልኝ። ታዲያ አቤት የምለው ለማን ነው? አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በየቀኑ «ነይና እዚህ ታከሚ» ትለኛለች።

የሃልምስታዱ፦
እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ። የፓርላማው ሰው ያለሽ እውነት ነው። እዚህ አገር ሆስፒታል የሚያስተዳድሩት ሚኒስትሮች ሳይሆኑ 21ዱ ሬጊዮኖች ናቸው። ስቶክሆልም ውስጥ ግብር ከሚታሰብበት ገቢሽ ከ12 በመቶ በላይ የሚወስደው ሬጊዮኑ ነው፤ አውቶቡሱና የምድር ባቡሩም የእርሱ ነው።

ብዙዎቻችን ሚኒስትሮችን እንጂ የሬጊዮን ሰዎችን አናውቅም። እኔ ልዩነቱ የገባኝ በአይዳ ሃጂያሊች ምክንያት ነው። ቦስኒያ ውስጥ ፎቻ ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ከጦርነት ሸሽታ ከወላጆቿ ጋር እዚህ እኔ ያለሁበት ከተማ ሃልምስታድ ያደገች ናት። ሉንድ ሕግ ተማረች፣ በ23 ዓመቷ የከተማችን ምክትል ከንቲባ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቴፋን ሎቬን በ27 ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃና የጎልማሶች ትምህርት ሚኒስትር አደረጓት፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ታሪክ እንደ እርሷ ወጣት ሚኒስትር አልነበረም። እኔ ኮምቩክስ፣ የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ የምማረው ያኔ ነበር፣ ስሟን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። በነሐሴ 2016 ዴንማርክ ካለችው ኮፐንሃገን በድልድዩ ወደ ስዊድን ስትመለስ ማልሞ ላይ ፖሊስ አስቆሟት። ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጥታ ሰዓታት ስላለፉ ከደሜ ወጥቷል ብላ ነበር፤ ትንፋሿ ግን 0.2 ፕሮሚል (ከሺህ 0.2) አልኮል አሳየ፣ ልክ ሕጉ የሚከለክለው መጠን። ራሷ ጋዜጠኞችን ጠርታ ሥልጣኗን ለቀቀች። ከዚያ ስቶክሆልም ሬጊዮን ውስጥ የተቃዋሚው ወገን መሪ ሆነች፤ ከ2022 ምርጫ በኋላ ደግሞ የሬጊዮኑ ዋና ኃላፊ። ሞደራቶች የሚባለው የቀኝ ፓርቲ ከ2006 ጀምሮ የያዘው ወንበር ነበር። ያንቺ ወረፋ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ከዮተቦሪ፣ አንድ አባት፦
ልጄ፣ ስለ ሥልጣን መልቀቅ ያነሣኸው ልቤን ነካው። እኔ በደርግ ዘመን ነው የወጣሁት። ያን ዕለት ዜናውን ስሰማ ለባለቤቴ «ሚኒስትር በሁለት ብርጭቆ ወረደች» አልኳት፣ አላመነችኝም። ይህ ነው አገርን አገር የሚያደርገው። እኔ እስከ ዛሬ በየወሩ ለወንድሞቼ ልጆች ትምህርት ብር እልካለሁ፤ የምመኝላቸው እንዲህ ያለ ሹም ነው።

የሪንከቢዋ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። በየቤቱ «አየሽ፣ የስደተኛ ልጅ» ሲባል የሰማነው እኛ ነን። ለእኔ ትልቁ ነገር መውረዷ አይደለም፣ ተመልሳ መመረጧ ነው። ልጆቼን ተሳስቶ መነሣት እንዳለ የማሳያቸው በእርሷ ነው።

ከዮተቦሪ፣ አንድ አባት፦
ባትወርድ ኖሮ ሕዝቡ መልሶ ያምናት ነበር ወይ? መነሣቷ የመጣው ከመውረዷ ነው።

ረዳት ነርስ፣ ሶደርቴልዬ፦
እባካችሁ፣ እህታችን ጉልበቷን እያመማት ነው! ስሚኝ የኔ እህት፤ «ቮርድጋራንቲ» የሚባል መብት አለ። ሬሚስ ከተጻፈ በ90 ቀን ውስጥ ስፔሻሊስት ሊያይሽ ይገባል፤ ሕክምና ከተወሰነልሽም በሌላ 90 ቀን ውስጥ። ካልቻሉ ሬጊዮኑ ሌላ ቦታ ሊያሳክምሽ ግዴታ አለበት፣ ተጨማሪ ሳትከፍዪ። ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ይቀርበታል። ወደ ክሊኒኩ ደውለሽ ይህን ቃል ጥሪ፤ አስተርጓሚም ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ በየሬጊዮኑ የታካሚዎች ኮሚቴ አለ፣ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል።

የሺስታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል፤ መጋቢት ላይ ሥራ ቦታ ሆኜ ከማላውቀው ቁጥር ተደውሎልኝ አላነሣሁም። እነርሱ ከነበሩ፣ ራሷ ቀረች ተብሎ መብቴ ይሰረዝብኛል?

የሃልምስታዱ፦
ሌላም ነገር ልንገርሽ። ለሬጊዮንና ለኮሙን (ለማዘጋጃ ቤት) ምርጫ ዜግነት አያስፈልግም። ሦስት ዓመት በተከታታይ እዚህ ከተመዘገብሽና 18 ዓመት ከሞላሽ ካርዱ ቤትሽ ይመጣል። ቢጫው ወረቀት የፓርላማ ነው፣ እርሱ ለዜጋ ብቻ ነው፤ ሰማያዊው የሬጊዮን፣ ነጩ የኮሙን። እኔ ባለማወቅ አንድ ምርጫ ሙሉ አሳልፌያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሪንከቢዋ፦
እኔ በሰማያዊው የመረጥኩት እርሷን ነበር። የእናቴ የዓይን ሕክምና ወረፋም ግን አላጠረም፣ እርሱን ለመናገር አልፈራም። የስደተኛ ልጅ ናት ብዬ ዝም አልልም።

ከዮተቦሪ፣ አንድ አባት፦
ይኸውልሽ፣ አሁን ተስማማን። እኔስ ስታረጅ አገርህ ግባ የሚለው ድምፅ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ባህር ዳር ጎረቤት ደጅ ቁጭ ብሎ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ለሐኪም ብቻውን አይሄድም፤ እዚህ ሬሚሴን ይዤ ባቡር ውስጥ የምቀመጠው ብቻዬን ነው።

ረዳት ነርስ፣ ሶደርቴልዬ፦
የሺስታዋ፣ ስለ ስልኩ ጥሪ እዚህ ላይ አንጨርሰውም። ከሥራ የምወጣው ከቀኑ በ9 ሰዓት ነው። ቁጥርሽን በግል ላኪልኝ፣ ደብዳቤውንም አጠገብሽ አድርጊው፤ አብረን እንደውላለን።